ከእገዳው በፊት ያለው ሥራ፦ የተሃድሶ አሠራርና የትምህርት ቤት ግንኙነት

ራንድ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም የፒትስበርግ ከተማ ትምህርት ቤቶችን አጥንቶ በ2018 ውጤቱን ይፋ ሲያደርግ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ የተሃድሶ አሠራር ደጋፊዎችም ተቺዎችም የሚጠቅሱት አላጡም። የተሃድሶ አሠራር የሚባለው ጥፋት ሲፈጠር ጎጂና ተጎጂ ተገናኝተው ጉዳቱን በንግግር እንዲጠግኑ፣ ከዚያም በፊት በክብ ውይይት እንዲቀራረቡ የሚያደርግ አካሄድ ነው። 44 ትምህርት ቤቶች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ አሠራሩን ለሁለት ዓመት ተገበሩ፤ ግማሾቹ በነበሩበት ቀጠሉ። በተገበሩት ዘንድ ተማሪዎች በእገዳ ምክንያት ከትምህርት ገበታ የሚርቁባቸው ቀናት ቀነሱ፤ በጥቁርና በነጭ ተማሪዎች መካከል የነበረው የእገዳ መጠን ልዩነትም ጠበበ። መምህራኑ የትምህርት ቤታቸው ድባብ መሻሻሉን ተናገሩ። ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ግን የተማሪዎቹ የፈተና ውጤት አሠራሩ ካልገባባቸው አንሶ ተገኘ፤ ልጆቹም የመምህሮቻቸውን ክፍል የመምራት ብቃት ዝቅ አድርገው መዘኑት።

እንደማየው ሁለቱም ወገኖች አሠራሩን የቅጣት ምትክ አድርገው ነው የሚመዝኑት። ዋናው ሥራ ያለው ግን ጥፋት ከመፈጠሩ በፊት፣ በመምህርና በተማሪ እንዲሁም በተማሪዎች መካከል በሚገነባው ግንኙነት ላይ ነው። እሱ በሌለበት የሚጠራ የዕርቅ ስብሰባ፣ ወንበሮቹ ክብ ሠርተው የተደረደሩበት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ከመሆን አያልፍም።

አሠራሩ ከፍርድ ቤት መወለዱ እንደ ቅጣት ምትክ እንዲታይ ሳያግዝ አልቀረም። በ1974 በካናዳ ኦንታሪዮ፣ ኤልማይራ በተባለች ትንሽ ከተማ፣ ሁለት ወጣቶች በ22 ቦታዎች ንብረት አበላሹ። የአመክሮ ሠራተኛው ማርክ ያንትዚ ልጆቹ ከተጎጂዎቹ ጋር ፊት ለፊት ቢገናኙ የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ዳኛውም ተቀበሉት፤ ወጣቶቹ በየደጁ እየሄዱ ካሳ ከፈሉ። አሜሪካዊው ምሁር ሐዋርድ ዜር በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ የዚህን ልምድ ንድፈ ሐሳብ አበጀ፤ «የትኛው ሕግ ተጣሰ፣ ምን ቅጣት ይገባል?» በሚለው ፋንታ ማን እንደተጎዳ፣ ተጎጂው ምን እንደሚያስፈልገውና ይህን የማሟላት ግዴታ የማን እንደሆነ መጠየቅን አስቀደመ። በ1994 በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ፣ ማሩቺዶር በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጎጂና የተጎጂ ስብሰባው ከፍርድ ቤት ወደ ትምህርት ቤት ተሻገረ። ሲሻገርም ቅርጹን ይዞ ነው፦ መጀመሪያ ጥፋት፣ ከዚያ ስብሰባ። ይሁን እንጂ ፍርድ ቤት የሚገናኙ ሰዎች ከዚያ በኋላ ላይተያዩ ይችላሉ። የተጣሉ ተማሪዎች ግን በማግሥቱ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ።

በስብሰባው የሚነሡት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው፦ ምን ተፈጠረ? ያኔ ምን ታስብ ነበር? ማን ተጎዳ? እንዲስተካከል ምን ይደረግ? «ለምን አደረግኸው?» የሚለው ሆን ተብሎ ይቀራል፤ ልጁን ሰበብ ፍለጋ ውስጥ ይከተዋልና። አውስትራሊያዊው የወንጀል ጥናት ምሁር ጆን ብሬይትዌይት በ1989 እንዳስረዳው፣ ድርጊቱን ነቅፎ ሰውየውን ወደ ማኅበረሰቡ የሚመልስ ኀፍረት አለ፤ ሰውየውን «ወንበዴ» ብሎ የሚያገልም አለ። የመጀመሪያው የሚሠራው ልጁ የሚመለስበት ቦታ ሲኖረው ነው። ኀፍረት የሚሰማን በምናከብራቸውና በሚያከብሩን ሰዎች ፊት ነው፤ ስሙን እንኳ በማያውቅ መምህር ፊት የቆመ ተማሪ የሚሰማው ንዴት ነው። ስለዚህም ጥፋት በሌለበት ቀን የሚደረገው ክብ ውይይት፣ አንድ ዕቃ ከእጅ እጅ እየዞረ የያዘው ብቻ የሚናገርበት፣ የማሟሟቂያ ጨዋታ ይመስል የሚታለፍ አይደለም።

በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በ13 የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተካሂዶ በ2019 የታተመ ጥናት ይህን የሚያጠናክር ይመስላል። አሠራሩ በገባባቸውና ባልገባባቸው ትምህርት ቤቶች መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። መምህሮቻቸው በአሠራሩ እንደሚጠቀሙ የተናገሩ ተማሪዎች ግን ከትምህርት ቤታቸውና ከእኩዮቻቸው ጋር ያላቸው ትስስር ጠንክሮ ተገኝቷል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል፤ ቀድሞውኑ ከመምህሩ ጋር የተስማማ ልጅ ስለ መምህሩ በጎ መናገሩ አይደንቅም፤ ምክንያትና ውጤት ሊገለባበጡ ይችላሉ። በእንግሊዝ በ40 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለ3 ዓመት የተካሄደውና በ2018 የታተመው ጥናት የበለጠ ያሳምነኛል። እዚያ አሠራሩ ብቻውን አልገባም፤ መምህራንና ተማሪዎች አብረው የተቀመጡበት ኮሚቴ የትምህርት ቤቱን ደንብ ይመረምር ነበር። በእኩዮች የሚደርስ ጥቃት በመጠኑ ቀነሰ፤ ጠበኝነት ግን አልቀነሰም።

እኛ ዘንድ ይህ ሲነሣ «ሽምግልና ከጥንትም አለን» የሚል መልስ ይፈጥናል። እውነትነት አለው፤ ግን በሽምግልና የሚናገሩት ሽማግሌዎች ናቸው፣ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ይጠይቃል። «ወላጅ ሳታመጣ እንዳትገባ» የሚለው ልማዳችንም ጉዳዩን ለአዋቂዎች አስረክቦ ልጁን በር ላይ ያቆመዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ቢደነግግም፣ ዱላው በወጣበት ቦታ ምን እንደሚገባ አይነግረንም፤ የሕግ ሥራም አይደለም። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ጎጂው መምህሩ ሲሆን ነው። በክፍል ፊት ያዋረደውን ተማሪ ፊት ለፊት ተቀምጦ ለመስማት የሚፈቅድ መምህር በሌለበት፣ ተማሪዎች አሠራሩን ለእነሱ ብቻ የተበጀ ሌላ ቅጣት አድርገው ቢያዩት አይፈረድባቸውም።

60 ተማሪ ባለበት ክፍል ክብ መሥራት አይቻልም የሚለው ተቃውሞ ተገቢ ነው። ግን ክፍሉን ለሦስት ከፍሎ፣ የቀሩት የቤት ሥራቸውን ሲሠሩ፣ በየሳምንቱ ከአንዱ ምድብ ጋር መቀመጥ ይቻላል። ለዚህ የክፍል ኃላፊው መምህር የማስተማሪያ ክፍለ ጊዜ ሊቀነስለት ይገባል፤ ዩኒት ሊደሩም ስንት ተማሪ እንደታገደ ብቻ ሳይሆን ውይይቱ መካሄዱንም ሪፖርት እንዲያደርግ መጠየቅ አለበት። ይህ ካልተደረገ መምህሩ በሁለተኛው ወር ቢተወው የሚያውቅ አይኖርም።