ከብረትና ከጨረራ ባሻገር፦ የአሜቴስጢኖስ ቀለም በሉዊስ ሴንተር ጥቁር አለት ሲመዘን

አሜቴስጢኖስ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በኦሪት ዘፀአት በሊቀ ካህናቱ የደረት ኪስ ላይ ከሚደረደሩት ዕንቁዎች አንዱ፣ በዮሐንስ ራእይ ደግሞ የአዲሲቱ ኢየሩሳሌም ቅጥር ዐሥራ ሁለተኛው መሠረት ነው። ስካርን ይከላከላል የሚለውን እምነት ሮማዊው ፕሊኒ ገና በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት የአስማተኞች ከንቱ ወሬ ብሎ አጣጥሎታል። ስለ ወይን አምላክና ስለ አንዲት ልጃገረድ የሚተረከውም ታሪክ የጥንት ግሪኮች ሳይሆን የፈረንሳዊው ባለቅኔ የረሚ ቤሎ ነው፤ በ1576 እ.ኤ.አ. ታተመ። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ ስለ ቀለሙ ነው። ድንጋዩ ኳርትዝ ነው፤ በሞህስ መለኪያ ጥንካሬው 7 ነው። ኤድዋርድ ሆልደን በ1925 እ.ኤ.አ. ቀለሙን ከማንጋኒዝ አላቅቆ ከብረት ጋር አያያዘው። ሌህማንና ሙር ደግሞ በ1966 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት፣ በሲሊከን ቦታ የገባ ባለ ሦስት ሙል ብረት በጨረራ አንድ ኤሌክትሮን ሲያጣ ሐምራዊው ቀለም እንደሚወለድ አስረዱ። የገለጹት የሂደቱን የመጨረሻ እርምጃ ነው። ከእነርሱ በኋላ የመጡ ጸሐፍት ግን ይህን እርምጃ ጠቅላላ ቀመር አደረጉት፦ ኳርትዝ፣ ብረትና ጨረራ ካሉ አሜቴስጢኖስ አለ ማለት ሆነ። ይህ አባባል ስሕተት ነው፤ ምስክሩም በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ከኮሎምበስ ከተማ በስተ ሰሜን በሉዊስ ሴንተር ቆሟል።

በዚያ ባለው ሃይባንክስ ፓርክ የኦለንታንጂ ወንዝ 30 ሜትር ገደማ የሚደርስ የሼል ገደል ቆርጦ አውጥቷል። የኦሃዮ ሼል የሚባለው ይህ ጥቁር አለት በዴቮንያን ዘመን ከባሕር ወለል ጭቃ የተጋገረ ነው። ቅጠል በቅጠል ይላጣል፤ በመካከሉም ትልልቅ ድቡልቡል ድንጋዮች ተሰንቅረዋል። የቀመሩ ቅመሞች አንድ በአንድ አሉበት። ኳርትዙ በራሱ በጭቃው ደቃቅ አሸዋ ውስጥ ነው። ብረቱ ወርቅ በሚመስል ፓይራይት መልክ ያብለጨልጫል። የጨረራው ምንጭ ዩራኒየም ነው፤ በአካባቢው ቤት የሚገዛ ሰው ምድር ቤቱን እንዲያስለካ የሚመከረውም ከዩራኒየሙ በሚፈጠረውና ከመሬቱ በሚወጣው ራዶን በተባለ ጋዝ ምክንያት ነው። ሐምራዊ ኳርትዝ ግን አይታወቅበትም።

ጊዜ አልበቃው ይሆን? አለቱ ከ350 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ በአሜቴስጢኖስ የታወቀው የደቡብ ብራዚል ባዛልት 134 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ክሪስታል የሚያድግበት ክፍተት ጠፍቶ ነው የሚሉም ይኖራሉ፤ በድቡልቡሎቹ ውስጥ ማዕድን የሞላቸው ስንጥቆች መኖራቸው ይህን ያፈርሳል።

የጎደለው ኦክስጅን ነው። ጭቃው በሞቱ ፍጥረታት ቅሪት ስለተሞላ ኦክስጅኑ ተበላ፤ ብረቱም ባለ ሁለት ሙል እንደሆነ ከድኝ ጋር ተጣምሮ ፓይራይት ሆነ። እንዲህ ያለው ብረት ለሲሊከን ጠባብ ቦታ ይገዝፋል። በአንጻሩ ከታላላቅ ሐይቆች ማዶ፣ በካናዳ ተንደር ቤይ የሚወጣውን አሜቴስጢኖስ ተመልከቱ፦ ብዙው በሄማታይት፣ ማለትም ኦክስጅን በጠገበ ብረት፣ ቀልቷል።

ከሁሉም የሚያሳምነኝ የተሰነጠቀ የብራዚል ድንጋይ ነው። ከዳር አጌት፣ ቀጥሎ ነጭ ኳርትዝ፣ ሐምራዊው ደግሞ መጨረሻ ባደጉት ጫፎች ላይ ብቻ ይታያል። ነጩም ሐምራዊውም በአንድ አለት ውስጥ አብረው ኖረዋል፤ ጨረራው ለሁለቱም ደርሷል። ልዩነቱ እንግዲህ ክሪስታሉ ባደገበት ውኃ ውስጥ ነበር። የብረቱ መጠን ብቻ ነው የተለየው የሚል ካለ፣ ብረት የሞላውን የሃይባንክስን ገደል ያስረዳኝ።

አንድ አለት ለሁሉም ሕግ እንደማይሆን አውቃለሁ። ቢሆንም ነገሩ ለኢትዮጵያ ጥናት ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው የደጋው ባዛልት እንደ ብራዚሉ በፍሰት ላይ ፍሰት የተነባበረ ነው፤ የወገል ጤናና የመዘዞ ኦፓልም በእሳተ ገሞራ አለቶቻችን ውስጥ ሲሊካ የተሸከመ ውኃ እንደተዘዋወረ ይመሰክራል። ስለዚህ ሐምራዊ ኳርትዝ ፈላጊ የጨረራ መለኪያውን ከማንሳቱ በፊት፣ በሁለት የባዛልት ፍሰቶች መካከል አየር አግኝተው የቀሉትን ንጣፎችና በአጠገባቸው ያሉትን ክፍተቶች ይመርምር።