ጨርቅ ይዘው የመጡት መርማሪዎች

እህቶቼ፣ ማዳሜ እንግዳ ሊመጣ ሲል ሳሎኑንና መጅሊሱን ታስወለውለኛለች፤ ኮተት የታጨቀበትን የኋላ ክፍል ግን ቆልፋ ቁልፉን ይዛ ትዞራለች። እንግዳው የተከፈተለትን አይቶ "ማሻአላህ" ብሎ ይሄዳል። የኢራቅን የኒውክሌር ታሪክ ሳነብ ትዝ ያለኝ ይኼ ክፍል ነው።

ኢራቅ የኒውክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለውን ውል የፈረመች አገር ነበረች። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ መርማሪዎች ባግዳድ አጠገብ ወዳለው ቱዌይታ እየመጡ፣ ያስመዘገበችውን ቆጥረው ልክ ነው ብለው ይመለሱ ነበር። እዚያው ግቢ ውስጥ ያልተመዘገቡ ሕንጻዎች ነበሩ፤ ቦምብ ለመሥራት የሚደረገው ጥረት በእነሱ ውስጥ ነበር። ሰዎቹ ሰነፎች ሆነው አይመስለኝም፤ ደንቡ ያስመዘገቡላችሁን እዩ ነበር የሚለው።

እ.ኤ.አ. በ1990 ጁላይ መጨረሻ ላይ የኢራቅና የኩዌት ባለሥልጣናት እዚሁ ጅዳ ተቀምጠው ተነጋገሩ፤ አልተስማሙም። ኦገስት 2 ቀን ኢራቅ ኩዌትን ወረረች። ሳዳም አገሩ ያገኛቸውን የውጭ ሰዎች አግቶ፣ እንዳይደበደቡ በሚፈልጋቸው ቦታዎች አስቀመጣቸው፤ ቱዌይታም አንዱ ነበር። በኋላ ሲለቀቁ ልብሳቸው ተመረመረ። ልብሱ ላይ የተገኘው የዩራኒየም ብናኝ በድብቅ ሲጣራ የነበረ መሆኑን አሳበቀ። መካ ሆቴል የምታጸዳ ጓደኛዬ እንግዳው ከወጣ በኋላ ክፍሉን አይታ ምን ዓይነት ሰው እንዳደረበት ትነግርሻለች፤ ይኼም እንደዚያው ነው።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1991፣ መርማሪዎቹ በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ የፈለጉበት የመግባት ሥልጣን አገኙ። ጁን ላይ ፋሉጃ ሲደርሱ ትልልቅ ዕቃ የጫኑ መኪኖች በሌላ በር ሲወጡ አዩ። ፎቶ ሲያነሱ ወታደሮቹ ወደ ሰማይ ተኮሱ። ዕቃው ዩራኒየም የሚለይ ማሽን ነበር። ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ 44 መርማሪዎች ያገኙትን ሰነድ አንሰጥም በማለታቸው ባግዳድ መኪና ማቆሚያ ውስጥ አራት ቀን ታገቱ።

ከዚያ ወዲህ ኤጀንሲው ጥጥ ጨርቅ ይዞ መሄድ ጀመረ። ግድግዳውን፣ ማሽኑን ይጠርጉና ላቦራቶሪ ይልካሉ። በ2003 ቴህራን ውስጥ ካላዬ ኤሌክትሪክ የሚባለው ቦታ መርማሪዎቹ ናሙና ከመውሰዳቸው በፊት ታድሶ ነበር። ብናኙ ግን ተገኘ። ኢራን ከውጭ ከገዛሁት ዕቃ ጋር የመጣ ነው አለች፤ ኤጀንሲውም በኋላ አብዛኛውን በዚህ መንገድ የሚያስረዳ ማስረጃ አግኝቷል። ስለዚህ ጨርቁ ለተጠርጣሪውም ይመሰክራል። በዚያው ዓመት ማርች ላይ የኤጀንሲው ኃላፊ መሐመድ ኤልባራዳይ፣ ኢራቅ የኒውክሌር ሥራዋን እንደገና ለመጀመሯ ማስረጃ አላገኘንም ብለው ለጸጥታው ምክር ቤት ተናገሩ። የሰማቸው የለም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጦርነቱ ተጀመረ።

እኛ ያለንበት አገርስ? ስዑዲ በ2005 ያላት የኒውክሌር ቁስ ጥቂት ስለሆነ ከአብዛኛው ፍተሻ ነጻ የሚያደርጋትን ስምምነት ፈረመች። በ2018 አልጋ ወራሹ ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ኢራን ቦምብ ከሠራች እኛም ቶሎ እንከተላለን አሉ። በ2023 ደግሞ መንግሥቱ ያ ነጻነት ይቅር፣ ሙሉው ፍተሻ ይሁንብኝ አለ። ያልተመዘገበ ክፍል ጭምር የሚያስከፍተው በ1997 የወጣው ተጨማሪ ውል ግን አለ፤ እስከ 2024 መጨረሻ ስዑዲ እሱን አልፈረመችም።