ጣይቱ፦ የአንድ ብርቅ ስም ታሪክ

የመገናኛ መጽሐፋችን አዘጋጆች «አንተ የታሪክ ሰው ነህ፣ አንድ ነገር ጻፍልን» ሲሉኝ ስለ መኝታ ክፍል ኑሯችንና ስለ ካፌው ሰልፍ የምጽፍ መስሎኝ ነበር። እሱን ሌሎቻችሁ ከእኔ በተሻለ ትጽፉታላችሁ። እኔ የማወጋችሁ ዘንድሮ ቤታችንን ሁለት ወር ሙሉ ስላነጋገረ ስም ነው። ስሙ ጣይቱ ነው።

ልጄ ከባለቤቷ ጋር የምትኖረው ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። እኔም እዚያው ክፍለ ከተማ፣ መካኒሳ ነኝ። ሴት ልጅ ስትወለድላቸው ልጄ «ጣይቱ እንበላት» አለች። ባሏ ጨዋ ልጅ ነው፤ ፊት ለፊት እንቢ አላለም። ለእኔ ግን ለብቻዬ፣ «አባባ፣ ስሙን ጠልቼው አይደለም። ግን ዛሬ ማን ነው ልጁን ጣይቱ የሚል? ትምህርት ቤት ስትገባ ፒያሳ ያለውን ሆቴል እያነሱ ይቀልዱባታል» አለኝ። ልክ ነው፤ በሰፈሩ መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ቆሞ ያዳመጠ ሰው ሶሊያና፣ ሃሴት፣ ኤዶም ሲባል ይሰማል እንጂ ጣይቱ ሲባል አይሰማም። ልጄ በበኩሏ፣ «አባዬ፣ እስቲ አንተ ትርጉሙን አስረዳው» ብላ ነገሩን እኔ ላይ ጣለችው።

ትርጉሙ ከባድ አይደለም። ጣይ ማለት ፀሐይ ነው። በግዕዝ በጸና በፀ የሚጻፉ ብዙ ቃላት በአማርኛ አንደበት ጠ ይሆናሉ፤ ፆም ጦም፣ ፀጉር ጠጉር እንደሚባለው። ፀሐይም በዚሁ መንገድ ሄዳ፣ መሃል ላይ ያለችው ሐ ተውጣ፣ ጣይ ሆነች። እኔ ባደግሁበት፣ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ባለ መንደር፣ «ጣይ ወጣች»፣ «ጣይ ጠለቀች» ነበር የሚባለው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ቱ» ደግሞ ነገሩ ሴቴ መሆኑንና ተለይቶ የታወቀ መሆኑን ታሳያለች። ዛሬም ዜና ላይ «አገሪቱ»፣ «ከተማይቱ» የምንለው በእሷ ነው። እንግዲህ ጣይቱ ማለት ማንኛዋም ፀሐይ ሳትሆን «ፀሐይዋ» ማለት ነው። ዘውዲቱም የተሠራው በዚሁ መልክ ነው። የምኒልክ ሚስት ጣይቱ፣ የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ፤ በአንድ ቤተ መንግሥት ሁለት «ቱ» ነበሩ ማለት ነው።

ይህን ስተነትን የልጄ ጎረቤት ለአራስ ጥየቃ መጥተው ቁጭ ብለው ነበር። «ምኑ ያስቸግራል? እንደ ጫልቱ፣ እንደ ደራርቱ ነዋ!» አሉ። ሳቅን፤ ግን ነገራቸው ቁም ነገር አለው። በኦሮምኛም ጫልቱና ደራርቱ መጨረሻቸው ላይ ያለው «ቱ» የሴት ምልክት ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ካገኘች ወዲህ ስሟን የማያውቅ የለም፤ ትርጉሙ ግን ከአበባ ጋር የተያያዘ መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የአማርኛውና የኦሮምኛው «ቱ» በየራሳቸው መንገድ የመጡ ቢሆኑም፣ ት የሴት ምልክት መሆኗ ሴማዊም ኩሻዊም ቋንቋዎች የሚጋሩት ነው። በትግርኛ ደግሞ ራሱ ስሙ አለ፤ ፀሃይቱ። ክራር ተጫዋቿንና ድምፃዊቷን ፀሃይቱ በራኺን ያስታውሷል። ስለዚህ ላፍቶ ብሎ ለሰፈሩ ስም ያወጣው ኦሮምኛ ተናጋሪም፣ ከሰሜን የመጣነው እኛም፣ ስሙ ለጆሯችን ባዳ አይደለም።

አሁን ወደ እቴጌይቱ ልምጣ። ጣይቱ ብጡል የክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል ነው። ከምኒልክ ጋር በ1875 ዓ.ም. ተጋቡ፤ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ማዕረጋቸውም «ብርሃን ዘኢትዮጵያ» ተባለ። እዚህ ላይ ስምና ማዕረግ እንዴት እንደተገናኙ ልብ በሉ፤ ፀሐይ ለተባለች ሴት ብርሃን የሚል ማዕረግ። ለንግሥት የብርሃን ስም ማውጣት ቀድሞም ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ላይ የነገሡት እቴጌ ምንትዋብ የመንግሥት ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነበር። አዲስ አበባን በ1879 ዓ.ም. ስም ያወጡላት ጣይቱ ናቸው። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ተንኮል ሲገለጥ ጠንክረው የተቃወሙ፣ በ1888 ዓ.ም. ጦር አስከትለው ዓድዋ ድረስ የዘመቱ፣ መቀሌ ላይ የጠላት ምሽግ ውኃ እንዲያዝ ያደረጉ ሴት ናቸው። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ አረፉ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ስም ለምን ብርቅ ሆነ? እኔ እንደሚገባኝ ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ አገራችን የቆየው ልማድ ስምን ከሁኔታ ማውጣት ነው። ልጅ የሞተባቸው ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ ይላሉ። የታላቅ ሰው ስም ደግሞ የባለቤቱ ነው ተብሎ ይተዋል፤ ስሙ በከበረ ቁጥር ደፍሮ የሚያወጣው ያንሳል። ሁለተኛ፣ «ቱ» ከዕለት ንግግራችን እየወጣች ነው። «ልጅቱ» ማለት ትተን «ልጅቷ» እንላለን፤ «ፀሐይቱ» ትተን «ፀሐይዋ»። ስለዚህ አዲስ ስም በእሷ አይሠራም። ሦስተኛው ምክንያት እኛ ነን፤ የተማርነው። ትምህርት ቤት ስንገባ «ጣይ» የባላገር አፍ ነው፣ ትክክሉ «ፀሐይ» ነው ተባልን። ፀሐይ የሚለው ስም በእኛ ትውልድ ሴቶች ሞልቶ ጣይቱ የጠፋው ያለ ነገር አይደለም። ያችው አንዷ ፀሐይ ናት፤ አንዷ በመጽሐፍ ስም ከተማ ገባች፣ አንዷ በአፍ ስም አገር ቤት ቀረች።

ይህንን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። እናቴ ጣይቱ ትባል ነበር። ከእቴጌይቱ ተወስዶ አይደለም፤ ጎህ ቀዶ ጣይ ብቅ ስትል በመወለዷ ነው። በ1963 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ስገባ የምዝገባ ቅጽ ላይ «የእናት ስም» የሚል መስመር ነበር። አጠገቤ የሚሞላው ልጅ የከተማ ልጅ ነው። እስክሪብቶዬን ይዤ ትንሽ አሰብኩና «ፀሐይ» ብዬ ጻፍኩ። የዋሸሁ አልመሰለኝም፤ ያረምኩ ነው የመሰለኝ። ክረምት አገር ቤት ስሄድ የቅጹን ቅጂ ከሻንጣዬ አገኘችው። ማንበብ አትችልም፤ የጎረቤት ተማሪ አነበበላት። ማታ፣ እንዝርቷን ይዛ ምድጃ ዳር እንደተቀመጠች፣ «ይቺ ፀሐይ ማናት?» አለችኝ።

«ያው አንቺ ነሻ፤ በትክክለኛው አማርኛ ነው የጻፍኩት» አልኳት።

«እኔስ ጣይቱ ነኝ» አለችና ፈትሏን ቀጠለች። ሌላ ቃል አልወጣትም፤ ከዚያም በኋላ አላነሳችውም። እኔ ግን የእቴጌ ጣይቱን ታሪክ ለፈተና ስጽፍ፣ ኋላም ለተማሪ ሳስተምር፣ ያቺ ጥያቄዋ ትመጣብኛለች። የራሴን ልጅ ስትወለድ እንኳ ጣይቱ ለማለት አልደፈርኩም። ይህንን ለልጄና ለባሏ የነገርኳቸው ዘንድሮ ነው።

የምንኖርበት ክፍለ ከተማ ስም እዚህ ላይ ይነግረናል። ሽቦ የሌለው መልእክት ማስተላለፊያ አገራችን ሲገባ ሕዝቡ የራሱን ስም አወጣለት፤ ድምፅ በነፋስ የሚሄድበት ስልክ አለ። መጽሐፍ «ነፋስ» ይላል፤ ሕዝቡ ግን «ንፋስ» ነው የሚለው፣ ክፍለ ከተማውም ታፔላው ላይ «ንፋስ ስልክ» ብሎ ጽፏል። ማንም አላረመውም፤ ማንም አላፈረበትም።

ልጅቱ በ80 ቀኗ ክርስትና ተነሳች። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ ስላለበት በማግሥቱ ከአባቷ ጋር ወረዳ ሄድን። እስከዚያች ሰዓት ምን እንደወሰነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። መዝጋቢዋ ልጅ ስሙን ስትሰማ ቀና ብላ አየችን።

«አባቴ፣ በፀሐዩ ፀ ነው የሚጻፈው?» አለችኝ።

አፌን ሳልከፍት የልጄ ባል ቀደመኝ። «አይደለም፤ በጠ» አለ።

ውድ የትምህርት ባልደረቦቼና መምህራን፣ መዝገብ ቤት የተቀመጠው ፋይሌ ላይ እናቴ ዛሬም ፀሐይ ናት። እሱን አሁን ማስተካከል ይቻል እንደሆነ እጠይቃለሁ። የእናንተም ፋይል ውስጥ እንዲህ «የታረመ» የእናት ወይም የአባት ስም ካለ፣ ለልጆቻችሁ ትክክለኛውን ንገሯቸው። እኔ ለጊዜው በዚህ መጽሐፍ አስመዘግባለሁ፦ የእናት ስም፣ ጣይቱ።