ፉቱራ የማን ልጅ ነው?

የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1969 ጨረቃ ላይ ትተውት የመጡት ሰሌዳ የተጻፈው ፉቱራ በተባለው ፎንት ነው። ፊደሉን የነደፈው ጀርመናዊው ፓውል ሬነር ሲሆን፣ የፍራንክፈርቱ ባወር የፊደል ማምረቻ ለገበያ ያወጣው በ1927 ነው፤ መቶ ዓመት ሊደፍን ተቃርቧል። ጫፎቹ ላይ ጭረት የለውም፤ ሲያዩት ከክብ፣ ከሦስት ማዕዘንና ከቀጥታ መስመር ብቻ የተሠራ ይመስላል።

በዚህ መልኩ የተነሣ ብዙዎች "የባውሃውስ ፊደል" ይሉታል። ሬነር ግን በዚያ ዝነኛ የጥበብ ትምህርት ቤት አልተማረም፣ አላስተማረም። በ1878 የተወለደ፣ ፉቱራ ሲወጣ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ፣ ዕድሜውን መጻሕፍት በማሰናዳት ያሳለፈ ሰው ነበር። እርግጥ የመጀመሪያ ንድፎቹ ለባውሃውስ ሰዎች ሐሳብ ይቀርቡ ነበር፤ "r" የተባለችው የላቲን ፊደል ከአንድ ዘንግና ከአንዲት ነጥብ የተሠራች ነበረች! የኋላ ኋላ እንዲህ ያሉት ቅርጾች ከመደበኛው ፊደል ወጡ። ትላልቆቹ ፊደላት የጥንት ሮማውያንን የድንጋይ ጽሑፍ መጠን ተከተሉ። ክቡም ቢሆን በኮምፓስ ብቻ የተሣለ አይደለም፤ ከዘንጉ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ይቀጥናል። ይህ ባይደረግ በተለይ ወፍራሙ ፉቱራ መጋጠሚያው ላይ ጠቁሮ ዓይን ያውክ ነበር። እንዲህ ያለውን ጉድለት የሚያየው ለዓመታት የመጽሐፍ ገጽ ሲያበጅ የኖረ ዓይን ነው፤ የፉቱራ ልጅነትም ለዚያ ሙያ ያደላል።

ሬነር በ1932 ናዚዎች ዘመናዊ ጥበብን "የባህል ቦልሼቪዝም" እያሉ ማውገዛቸውን የሚነቅፍ ትንሽ መጽሐፍ ዙሪክ ላይ አሳተመ። በ1933 ታሰረ። ብዙም ሳይቆይ ቢፈታም፣ ይመራው ከነበረው የሙኒክ የኅትመት ትምህርት ቤት ተባረረ። ናዚዎች ያን ጊዜ ጎቲክ የተባለውን የቆየ ፊደል የጀርመንነት ምልክት አድርገውት ነበር። ጥር 1941 ላይ ግን የሂትለር ቀኝ እጅ ማርቲን ቦርማን ጎቲኩ "የአይሁድ ፊደል" ነውና ይቅር የሚል መመሪያ አወጣ። የመመሪያው ወረቀት ራስጌ ራሱ በጎቲክ የታተመ ነበር፤ የሚያርመው እንኳ አልተገኘም።

ሬነር በኋላም ጻፈ፣ ሥዕል ሣለ፤ በ1956 አረፈ።

ፊደሉ ግን አሜሪካ ተሻግሮ የቮልስዋገን ማስታወቂያ ላይ ዋለ። ሠዓሊዋ ባርባራ ክሩገር ዘመም ያለውን ወፍራም ፉቱራ በነጭ ቀለም ቀይ መደብ ላይ እያሳረፈች ገበያንና ሥልጣንን ተቸችበት። በ1994 ኒውዮርክ ላይ የተከፈተው ሱፕሪም የተባለ የልብስ መደብር ያንኑ መልክ ወስዶ ዓርማው አደረገው። ዛሬ ኦሪጂናሉን የገዛውም ፎርጅዱን የለበሰውም ወጣት ደረቱ ላይ ይዞት የሚዞረው የሬነርን ፊደል ነው።