ከሐይቅ እስከ ውጫሌ፦ ብዙ እጅ የጻፈውን ማን ያርመዋል?

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ መጀመሪያ ሐይቅን፣ ቀጥሎ የአምባሰሏን ውጫሌን ታገኛላችሁ። የአንድ መንገድ ጎረቤቶች ናቸው። አንዷ ብዙ እጅ ተባብሮ እንዴት እንደሚጽፍ ታስተምራለች፤ ሌላዋ ሁለት ጽሑፍ ሳይመሳከር ሲቀር ምን እንደሚመጣ። እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ ዘንድሮ ሁለቱን ደጋግሜ የማነሳቸው በኮድ ምክንያት ነው።

እንደ ክላውድ ኮድና ኮዴክስ ያሉ ኤጀንቶች ትእዛዝ ተቀብለው ፋይል ያነባሉ፣ ኮድ ይጽፋሉ፣ ቴስት ያስኬዳሉ። አሁን እየተለመደ የመጣው ደግሞ አራት አምስቱን በአንድ ጊዜ ማሠራት ነው። አንዱ ዳታቤዙን፣ አንዱ ክፍያውን፣ አንዱ የስልኩን ገጽ ይይዛል። እንዳይጋጩ ለእያንዳንዱ በጊት የየራሱ የሥራ ቅጂ ይሰጠዋል። አንዱ ግን ሌላው ምን እንደወሰነ በራሱ አያውቅም። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ አከፋፋዩ ካልቆጠረ ግን ጌጡም ይጠፋል።

ሐይቅ እስጢፋኖስን በ13ኛው ክፍለ ዘመን ታላቅ የትምህርትና የጽሕፈት ቦታ ያደረጉት አቡነ ኢየሱስ ሞአ ናቸው። ጽሕፈት የተማሩት ደብረ ዳሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ ወደ ሐይቅ መጥተው ከአርባ ዓመት በላይ ቆዩ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከተማሪዎቻቸው አንዱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1280/81 ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ሥዕላቸውን ጭምር ይዞ እስከ ዘመናችን ደርሷል። የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝርም በዚያው ወንጌል ላይ ተመዝግቧል።

ብራና የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አልነበረም። አንዱ ቆዳ ይፍቃል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ሐረግ ይስላል፣ አንዱ ይደጉሳል። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ የሁለትና የሦስት ጸሐፊ እጅ የሚታይበት ጊዜም አለ። ታዲያ መጽሐፉ እንዴት አንድ ይሆናል? ከመጻፉ በፊት ብራናው በወስፌ ይበሳል፣ ያለ ቀለም ይሰመራል፤ ማንም ይጻፈው፣ ዓምዱና መስመሩ ያው ነው። ሥራው በጥራዝ በጥራዝ ይከፈላል፤ ጥራዙ ብዙውን ጊዜ ስምንት ወይም ዐሥር ቅጠል ሆኖ ተራ ቁጥር ይጻፍበታል። በቀይ ቀለም የሚጻፈው ቦታው ባዶ ተትቶ በኋላ የሚሞላበት ጊዜ አለ፤ ሳይሞላ ከቀረ ሥራው አለማለቁን ያየ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ እርማት ይመጣል፦ የተሳሳተው ይፋቃል፣ የተዘለለው ከመስመሩ በላይ ይጨመራል። ለኤጀንት ሥራ ስናከፋፍል የምንፈልገውም ይኸው ነው፦ ቀድሞ የተሰመረ መስመር፣ ልኩ የታወቀ ጥራዝ፣ የሚታይ ክፍት ቦታ፣ በመጨረሻም አራሚ።

ወደ ውጫሌ እንለፍ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ አንቶኔሊ እዚያ የተፈራረሙት ውል በአማርኛና በጣሊያንኛ ተጽፏል። በአማርኛው 17ኛ አንቀጽ፣ ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ በኩል መጠቀም ይችላሉ፤ ምርጫው የሳቸው ነው። ጣሊያንኛው ግን እንደ ግዴታ ተቆጠረ። የየራሱን ቅጂ ብቻ ለሚያነብ ሰው ምንም ጉድለት የለም። ጉዱ የወጣው ምኒልክ ንግሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በደብዳቤ ሲያስታውቁና በኢጣሊያ በኩል ይሁን የሚል መልስ ሲመጣላቸው ነው። በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ። መጨረሻው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ሆነ።

የጣሊያን ተንኮል ነው ትሉኝ ይሆናል። ኤጀንት ተንኮል የለውም፤ የውጫሌ ዓይነት ጣጣ ለማምጣት ግን ተንኮል አያስፈልገውም። ጊት የሚጮኸው ሁለት ሰው ያንኑ መስመር ሲነካ ነው። አንዱ ኤጀንት ሒሳቡን በሳንቲም ቢልክ፣ ሌላው በብር ቢቀበል፣ ፋይሎቻቸው ስለሚለያዩ ዝም ብሎ ያዋህዳቸዋል። የሁለቱም ቴስት ለየብቻው አረንጓዴ ነው። የ100 ብር ዕቃ ግን በ10,000 ብር ይሸጣል።

አንዱ ኤጀንት ሌላውን ያርመው ብንልስ? ይረዳል፣ ግን አይበቃም። የብራና አጥኚዎች ሦስት ቅጂዎች አንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ስሕተት ሲያገኙ እንደ ሦስት ምስክር አይቆጥሯቸውም፤ ከአንድ ምንጭ ሳይቀዱ አልቀሩም ይላሉ። ከአንድ ሞዴል የወጡ ሦስት ኤጀንቶች ሲስማሙም በዚያው ዓይን ማየት ነው። ማረሚያው ከሌላ ምንጭ መምጣት አለበት፦ ሰው ካሰበው ቴስት፣ ከእውነተኛ የክፍያ ደረሰኝ፣ ሥራውን ከሚያውቅ ገንዘብ ያዥ።

በብራናዎቻችን መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ ለጸሐፊውም ላጻፈውም ጸሎት ይለመናል። ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ሁለቱም ድርሻ አላቸው። ኤጀንት የሚያሠራ ሰው አጻፊ ሆኗል ማለት ነው፤ ክፍያው ሲዛባ ደንበኛው የሚደውለው ለእሱ እንጂ ለማሽኑ አይደለም።

ታዲያ ዘንድሮ ኮምቦልቻ ላይ ኮድ የሚማር ልጅ፣ ማሽኑ ከጻፈው እኔ ምን ልማር ቢል አልፈርድበትም። ጥያቄው የእንጀራ ጥያቄ ነው፤ ለጀማሪ ይሰጥ የነበረው ትንንሽ ሥራ ዛሬ ለኤጀንት የሚሰጠው ነው። ኢየሱስ ሞአ ግን ለሌላው ከማጻፋቸው በፊት ራሳቸው ጸሐፊ ነበሩ። መስመሩ ሲጣመም የሚታየው በእጁ አስምሮ ለሚያውቅ ነው። ስለዚህ ጀማሪ ከሆናችሁ ትንሽ ፕሮግራም፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ያለ ኤጀንት ጻፉ፤ ሲበላሽም ራሳችሁ ፈልጉት። ጀማሪ የምትቀጥሩም ብትሆኑ፣ የኤጀንቶቹን ሥራ ጎን ለጎን ዘርግቶ ማመሳከርን ለጀማሪው ስጡት፣ አብራችሁትም ተቀመጡ። ካልሆነ ከዐሥር ዓመት በኋላ አጻፊ ሞልቶ አራሚ እናጣለን።