የፎቶን ጥራት ከቦታው ሳይለቁ በታብሌት መመርመር

የካሜራ ስክሪን አብዛኛውን ጊዜ 3 ኢንች ገደማ ስለሆነ፣ በመጠኑ የደበዘዘ ፎቶም ጥርት ያለ ይመስላል። በማሳይ ማራ የዱር እንስሳትን የሚያነሳ ባለሙያ ስህተቱን ናይሮቢ ተመልሶ ቢያየው፣ ያ ቅጽበት ዳግም አይገኝም። በታብሌት ግን እንደ ላይትሩም ባለ መተግበሪያ ፎቶውን አጉልቶ የእንስሳው ዓይን ጥርት ማለቱን እዚያው ማረጋገጥ ይቻላል።

ይሁን እንጂ የሚመረመረው ዋናው ፋይል ሊሆን ይገባል። ለምሳሌ የኒኮን ስናፕብሪጅ በብሉቱዝ በራሱ የሚያስተላልፈው ቅጂ 2 ሜጋፒክስል ብቻ ነው። ስለዚህ ዋናውን በካርድ ማንበቢያ ወደ ታብሌቱ ማስገባት ይመረጣል።

የብርሃን መጠንን ለመመዘንም ፀሐይ ላይ ከሚያታልል ስክሪን ይልቅ ሂስቶግራም ይታመናል፤ ግራፉ በቀኝ ጠርዝ ከተከመረ፣ የፎቶው ደማቅ ክፍል ዝርዝሩን አጥቶ ሊሆን ይችላል።