ከቦታው የተነሳ ልጅ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ቃል ታሪክ ነው። ቃሉ ክዋሺዮርኮር ይባላል። መጀመሪያ የሰማሁት እዚሁ ቤይሩት፣ እሁድ ማኅበራችን ስንሰበሰብ ከአንዲት ጋናዊት እህታችን ነው። ስልኬ ላይ የልጄን ፎቶ ሳሳያት ዝም አለች። ከዚያ የልጄን እግር በጣቷ እየነካች «እኛ አገር ይሄ ስም አለው» አለችኝ።

ልጄን ትቻት ስመጣ አንድ ዓመት ከሁለት ወሯ ነበር። ቲኬቱ በድንገት ስለደረሰ ጡት ያስጣልኳት በሦስት ቀን ነው። ወሎ፣ ሐይቅ አጠገብ ከእናቴ ጋር ቀረች። በስድስተኛው ወር እናቴ ፎቶ ላከችልኝ። ፊቷ ሞላ ብሏል፣ እግሯም ወፍሯል። ልጄ ተመቻት ብዬ ደስ አለኝ፣ ለማዳም ሳይቀር አሳየሁ። እብጠት መሆኑን በምን ልወቅ?

ቃሉ በአክራና በአካባቢው ከሚነገረው ከጋ ቋንቋ ነው። ትርጉሙ፣ ታናሽ ሲወለድ ከእናቱ ጡት የተነሳው ልጅ የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። ንጉሥ ከዙፋኑ እንደሚወርድ ልጁም ከቦታው ወረደ እንደማለት። ይህን ስሰማ ልቤ ተሰነጠቀ። የእኔን ልጅ ከቦታዋ ያነሳት ታናሽ አይደለም፣ ቲኬት ነው። ከዚያ ወዲህ በእረፍት ቀኔ እያነበብኩ፣ ያልገባኝን እየጠየቅኩ የቃሉን ታሪክ ተከታተልኩ።

ቃሉን ለዓለም ሐኪሞች ያስተዋወቁት ዶክተር ሲስሊ ዊሊያምስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1893 ጃማይካ ተወለዱ፣ ኦክስፎርድ ተማሩ። በ1929 የዛሬዋ ጋና ጎልድ ኮስት እየተባለች በእንግሊዝ ስር ሳለች እዚያ ለሥራ ሄዱ። ሆዳቸውና እግራቸው ያበጠ፣ ቆዳቸው የሚላጥ፣ ጸጉራቸው የቀላ፣ ሁልጊዜ የሚነጫነጩ ሕፃናት ይመጡላቸው ነበር። አብዛኞቹ ጡት ከጣሉ በኋላ ከበቆሎ ምግብ በቀር ብዙም አያገኙም። ዶክተሯ ምናልባት ፕሮቲን ጎድሏቸው ይሆናል ብለው በ1933 ጻፉ። አንድ የታወቁ ሐኪም ግን አይደለም፣ ይሄ ድሮ የምናውቀው ፔላግራ የሚባለው በሽታ ነው ብለው ተከራከሩ። ዶክተሯ አልተረቱም። በ1935 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት እንደገና ጻፉ፣ ርዕሱም የአክራ ሴቶች የሚሉት ቃል ራሱ ነበር።

እኔን የነካኝ ይሄ ነው። የተማሩት ሲከራከሩ፣ እናቶቹ በሽታውን ከነምክንያቱ በአንድ ቃል ይዘውት ኖረዋል። ዶክተሯ ደግሞ የሴቶቹን ቃል ሰምተው ተቀበሉ። ሴት ስለ ልጇ ስትናገር «ምን ታውቃለች» የሚባልበት ቦታ ብዙ እንደሆነ እኛ እናውቃለን።

ዶክተር ሲስሊ ቀጥሎ ወደ ማላያ ተላኩ። እዚያ ያዩት ሌላ ነገር ነው። በቆርቆሮ የታሸገ ጣፋጭ ወተት ለሕፃን ይስማማል እየተባለ ለእናቶች ይሸጥ ነበር። ከጡት ወደዚያ ወተት የዞሩ ልጆች ይታመማሉ፣ ይሞታሉ። በ1939 ሲንጋፖር ውስጥ ንግግር አደረጉ፣ ርዕሱን «ወተትና ግድያ» አሉት። እንዲህ ያለውን ወተት ለሕፃናት የሚያስተዋውቁ ሰዎች እንደ ገዳይ ይቆጠሩ ነው ነገሩ። ከዚያ ጦርነት መጣ፣ ጃፓኖች ሲንጋፖርን ሲይዙ ዶክተሯ ታሰሩ። ነፃ ወጥተው በ1948 የዓለም ጤና ድርጅት የእናቶችና የሕፃናት ክፍል የመጀመሪያዋ ኃላፊ ሆኑ።

በ1952 ሁለት ባለሙያዎች አፍሪካን ዞረው ስለዚህ በሽታ ያዘጋጁት መጽሐፍ ታተመ። ከዚያ ወዲህ ወሬው ሁሉ ፕሮቲን ሆነ። የወተት ዱቄት፣ የዓሣ ዱቄት፣ የአኩሪ አተር ዱቄት ድሃ አገሮችን ያድናል ተባለ። የእኛው ፋፋም የዚያ ዘመን ልጅ ነው። በ1960ዎቹ በስዊድን እርዳታ አዲስ አበባ ላይ የሕፃናት ምግብ ጥናት ተቋቁሞ፣ እህልና ጥራጥሬ ከወተት ዱቄትና ከቫይታሚን ጋር ተቀላቅሎ ተሠራ። ስሙን ያወጣለት ሰው አማርኛ ያውቃል፣ ልጁ ፋፋ እንድንል ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ቤይሩት ልመልሳችሁ። ሐምራ በኩል ስታልፉ የምታዩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በዚያ ዘመን ዶክተር ዶናልድ ማክላረን የሚባሉ የምግብ ተመራማሪ ይሠሩ ነበር። በ1974 በዚያው ላንሴት መጽሔት ላይ ስለ ፕሮቲን የተያዘው ነገር ትልቅ ስህተት ነው ብለው ጻፉ። ልጆቹ የጎደላቸው ፕሮቲን ብቻ አይደለም፣ ምግቡ ራሱ አልበቃቸውም፣ ገንዘቡና ጊዜው በልዩ ዱቄት ሲያልቅ ልጆች አለቁ አሉ። ብዙዎች ተቆጥተውባቸው ነበር፣ በኋላ ግን ሐሳባቸው ተደማጭ ሆነ። ክዋሺዮርኮር ለምን አንዱን ልጅ አሳብጦ ሌላውን እንደሚያከሳ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

እኔ አስረኛ ክፍል ድረስ ነው የተማርኩት፣ ከሊቃውንት ጋር አልከራከርም። ግን የእኔን ቤት ሳየው ሁለቱም ልክ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ደሞዜ የደላላ ዕዳ ነው የከፈለው፣ እናቴ ለልጄ የምትሰጠው በሽሮ የራሰ እንጀራና ስኳር ያለው ሻይ ነበር። ገንዘብ መላክ ስጀምር የወተት ዱቄት ግዢ አልኳት። እማዬ ገዛች፣ ወሩን እንዲያደርስ ብላ በውኃ አቀጠነችው። እኔ እዚህ የማዳምን ልጅ ጡጦ በማንኪያ እየለካሁ፣ ውኃውን እያፈላሁ አዘጋጃለሁ። እዚያ የእኔ ልጅ ወተት ነጭ ውኃ ነበር። እማዬን አልወቅሳትም፤ ያላትን ነው ያብቃቃችው። ማንም አላስረዳትም፣ እኔም አላስረዳኋትም።

ጋናዊቷ እህታችን በነገረችኝ ማታ ወደ እናቴ ደወልኩ። «እማዬ፣ እግሯን በአውራ ጣትሽ ጫን አድርጊና ልቀቂው» አልኳት። ጫነችው። ትንሽ ዝም አለች፣ ከዚያ «ጎድጉዶ ቀረ ልጄ» አለችኝ። በማግስቱ አዝላ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። በትንሽ ማሸጊያ የሚመጣ የለውዝ ቅባት ሰጧት፣ በየሳምንቱም ተመዘነች። እብጠቱ ሲወርድ ቆዳና አጥንት ሆና ታየች፣ ያን ፎቶ አጥፍቼዋለሁ። አሁን አራት ዓመቷ ነው፣ ትሮጣለች። እማዬ የምትለው እናቴን ነው፣ እኔን በስሜ ነው የምትጠራኝ።

እህቶቼ፣ ልጅ ትታችሁ የመጣችሁ፣ ፎቶ ሲላክላችሁ ፊቱን ብቻ አትዩ፣ እግሩንም አሳዩኝ በሉ። ገንዘብ ስትልኩ ምን እንደሚገዛና እንዴት እንደሚሠራ አብራችሁ ተነጋገሩ፤ እንቁላል፣ ባቄላና ምስር የገባበት ወፍራም ገንፎ፣ ዘይት ጠብ ተደርጎበት። እብጠት ካለ ግን የቤት ምግብ አይበቃም፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ። ገና ልትወጣ የተዘጋጀች እህት ካለቻችሁም፣ ጡት በሦስት ቀን አይጣልም በሏት። እኔን ያኔ ይህን ያለኝ ሰው አልነበረም።